ያለ ጎል ያለፉ አሥራ አንድ ቀናት

ኮምቦልቻ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትውጣለች። ደወሉ ከየጎፍ ተራራ ግርጌ ይነሣና ቦርከና ዳር እስካሉት ሰፈሮች ይወርዳል። አውቶቡሶች ባሉበት ይቆማሉ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሳንባ በሽተኞች በየቤታቸው አምስት አምስት ፍሬ መድኃኒት በውኃ ያወርዳሉ፤ ከዚያም ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ። ምን እንደሚናገሩ ሕጉ አይልም። ሕጉ የሚፈልገው አፍ እንዲከፈት፣ ምላስ እንዲንቀሳቀስና ከምላስ ሥር ምንም አለመቅረቱ እንዲታይ ነው። ስለዚህ አንዱ ዳዊቱን ይደግማል፣ ሌላው ፋቲሓ ይቀራል፣ ተማሪ የማባዛት ሠንጠረዥ ይወርዳል፤ የመናኸሪያው ሻይ ሻጭ ደግሞ በየቀኑ አከራዩን ይራገማል። መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ከተማው ሁለት ደቂቃ እንደ ቀፎ ያጉረመርምና ዝም ይላል። አውቶቡሶቹም ይንቀሳቀሳሉ።

ከዲጃ ሰይድ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። መተዳደሪያዋ መጋረጃ መስፋት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን መስካሪ ናት። መስካሪነት ለብዙ ዓመታት የማሽን ሥራ ነበር። ሰው ማሽኑን ማታለል ተማረ፤ ጀርሙም ሰውን ተከትሎ ተማረ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ሰው ዓይን ተመለሰ። እያንዳንዱ መስካሪ አንድ በሽተኛ አለው፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አምስቱ ሲወርዱ ያያል፣ ሁለቱን ደቂቃ ያዳምጣል፣ በመጨረሻም አውራ ጣቱን በያዘው መፈረሚያ ሰሌዳ ላይ ያሳርፋል። አውራ ጣት አረፈ ማለት «አየሁ» ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

የከዲጃ በሽተኛ ጋሽ ያፌት ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ያፌት፣ ሄራን፣ ናሆም የሚባሉት ስሞች ዛሬ የሽማግሌ ስሞች ናቸው፤ ሕፃናቱ ጓንጉልና ደብሪቱ እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ጋሽ ያፌት ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲያስተላልፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ሁለቱን ደቂቃ የሚሞሉት የራሳቸውን መዋጥ እንደ ጨዋታ እያስተላለፉ ነው።

«ብርቱካን በቀኝ መስመር ገብቷል፤ ጠይም ይከተለዋል፤ ጉሮሮ አካባቢ መጠነኛ መጨናነቅ ይታያል፤ ውኃ ግሩም ኳስ አቀበለ፤ አለፈው፣ አለፈው፣ ጎ—ል!»

የመጨረሻዋን ቃል ሲስቧት አፋቸው እስከ ጉሮሯቸው ይታያል። የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ከዲጃም አንዲት ነገር ሳታጣራ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፤ ምክንያቱም ከዚያ በላይ የሚጣራ አፍ የለም።

የመድኃኒቶቹን ስም ያወጣው ሕዝቡ ነው። ብርቱካን የሚባለው እንባንና ላብን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ስለዚህ በሽተኞች ጥቁር መሐረብ ነው የሚይዙት። ጠይም ቆዳ ያጠቁራል። ጆሮ አስጮህ አለ፣ ሕልም አሳይ አለ፣ አምስተኛዋ ትንሿ ትባላለች። ሌሎች አሥራ አንድ መድኃኒቶች ዘንድሮ ጦም አድረዋል። መሬት ካላረፈ እንደማያበቅል ሁሉ መድኃኒትም ካላረፈ አይሠራም፤ ጀርሙ እስኪረሳው ድረስ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቀመጣል። የትኞቹ እንደሚነሡና የትኞቹ እንደሚተኙ በየመስከረሙ በአዋጅ ይነገራል። ለጉሮሮ ቁስልና ለእግር መግል መድኃኒት መስጠት ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ሰዎች ጣታቸውን እንዳይቆርጡ ሽንኩርት የሚከትፉት ጓንት አድርገው ነው።

ጋሽ ያፌት አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ሰውነታቸው ተመልሷል። ፊታቸው ጠይሟል፤ ባለቤታቸው እትዬ ሄራን በዚህ ሁልጊዜ ይቀልዳሉ።

«ያኔ እንዲህ ጠይም ብትሆን ኖሮ አንድ ዓመት አላስለምንህም ነበር» ይላሉ።

«ያኔ ጠይም ብሆን አንቺ ነበርሽ የምትለምኚኝ።»

ከዲጃ ይህን ቤት ትወደዋለች። መስካሪ ከበሽተኛው ጋር ቁርስ እንዲበላ የሚል ሕግ የለም፤ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ ቤቱ የገባን ሰው ሳያበሉ የሚያስወጣ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቁርስ የምትበላው እዚህ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ታደርግ ነበር፤ ጥፋቱም የተሸሸገው እሱ ውስጥ ነው። ጋሽ ያፌት የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለባለቤታቸው ሲሰጡ ከዲጃ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ባልና ሚስት ሲጎራረሱ ዓይንን ተክሎ ማየት ነውር ነው። ስለዚህ የመጋረጃውን ጠርዝ ታያለች። ራሷ የሰፋችው መጋረጃ ነው፤ ስፌቱን አንድ በአንድ ታውቀዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጨዋታው ደካማ ነበር።

«ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ ነው» አሉ ጋሽ ያፌት፣ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው። «ሁለቱም ወገን በጥንቃቄ ይጫወታሉ። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። እንግዲህ ባዶ ለባዶ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ቡድንዎ ምን ሆነ?» አለች ከዲጃ። «አጥቂ ሸጡ እንዴ?»

«ተከላካዩ ጠንክሯል፣ ልጄ።»

አውራ ጣቷን አሳረፈች። ፍርፍር ቀረበ። ጋሽ ያፌት አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ከዲጃ ወደ መጋረጃው ዞረች። እትዬ ሄራን ጉርሻውን ረጅም ጊዜ አላመጡ። ከዚያ ተነሡና ከምድጃው አጠገብ ለምሳ የሚሆን ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ሽንኩርቱ የአዲስ መስኖ ሽንኩርት ነው፤ ያቃጥላል። በጓንት እጃቸው ዓይናቸውን መንካት ስላልቻሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

የነጠላው ጫፍ ብርቱካናማ ሆነ።

ከዲጃ የያዘችውን ሳትጎርስ አስቀመጠች። ተነሥታ ሄደች፤ የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽንኩርት ነዋ።»

«የሽንኩርት እንባ ቀለም የለውም።»

እትዬ ሄራን ነጠላቸውን አዩ። ከዚያ ባላቸውን አዩ። ጋሽ ያፌት ፍርፍሩን ያዩ ነበር።

«ጋሼ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች ከዲጃ።

«አሁንማ ባዶ ነው» አሉ ጋሽ ያፌት።

ከዲጃ ቀኖቹን ወደኋላ ቆጠረች። ትናንት ባዶ ለባዶ። ከትናንት ወዲያ ጨዋታው በዝናብ ተቋርጦ ነበር። እሑድ ኳሱ ውጪ እንደወጣ ደቂቃው አለቀ። ጎል ለማለት አፍ መከፈት አለበት፤ ጉንጭና ድድ መሐል ፍሬ የያዘ ሰው ደግሞ አፉን አይከፍትም። ሳቅ ብላ «ቡድንዎ ደከመ» እያለች አውራ ጣቷን ስታሳርፍ ከርማለች።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ብርቱካንን ብቻ?»

«እሱ ነው ከሁሉም ጠንካራው ብለው ነገሩኝ» አሉ ጋሽ ያፌት። «ጥሩ ጥሩውን ለብቻዬ ልበላ ነው? ከውኃው በርሜል ጀርባ ቆማ ስትስል ሰማኋት። እንዳልሰማት ቧንቧውን ከፍታ ነው የምትስለው። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም።»

«ጉንፋን ነው ያልኩት ለራሴ» አሉ እትዬ ሄራን። ጓንቱን ቀስ ብለው አወለቁ። «ከዚያ ጉርሻው ይመረኝ ጀመር። አፌ እንዲህ ከመረረማ ይዞኛል ማለት ነው ብዬ፣ ይባስ ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ነህ ለካ ያስመረርከኝ።»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«አልልህም ነበር።»

«እና?»

«እናማ መጠየቅ ነበረብህ፣ ያፊ።»

ጋሽ ያፌት ወደ ከዲጃ ዞሩ። ድምፃቸው የሬዲዮው ድምፅ አልነበረም። «ሁለት በሽተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም ይላል ሕጉ። አንዳችን እዚህ፣ አንዳችን ማቆያ። በእኛ ዕድሜ የተለያየ ሰው ተመልሶ አይገናኝም፤ እናውቃለን። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ነን። ይሄ በሦስታችን ይቅር። ከነገ ጀምሮ አምስቱንም እውጣለሁ፤ እሷም ታርፋለች። አሥራ አንድ ቀን ደግሞ ለጥንካሬ ይበቃታል።»

«ጋሼ፣ ብርቱካን ብቻውን ጠንካራ አይደለም» አለች ከዲጃ። «ጠንካራ የሚሆነው ከአራቱ ጋር ነው። ጀርሙ አንዱን ሲሸሽ ሌላው ይይዘዋል። ብቻውን ሲመጣበት ግን ጀርሙ ያጠናዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰሙም? እርስዎ ደግሞ አንድ አንድ እያደረጉ አሥራ አንድ ቀን አጎረሷቸው።»

ጋሽ ያፌት አሰቡ። የሚያስቡት በሚያውቁት ነገር ነው። «አንድ አጥቂ ብቻውን አሥራ አንድ ጨዋታ ላኩበት ማለት ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ተከላካዩ የግራ እግሩንም የቀኝ እግሩንም አውቆታል።»

«አዎ።»

«ሄርዬ ላይ።»

ከዲጃ ግን ከተማውን አሰበች። ብርቱካን ሃያ ሁለት ዓመት ጦም አድሮ የተነሣው ባለፈው መስከረም ነው። እሱን የለመደ ጀርም ከዚህ ቤት ከወጣ፣ ከተማው በሙሉ ብርቱካንን ያጣል፤ ምናልባትም ለሁልጊዜ። ማዶ ያለችው የአንድ መምህር ልጅ መድኃኒት ከጀመረች ሁለተኛ ወሯ ነው። የመናኸሪያው ሻይ ሻጭ ሊጨርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም ካለች ግን ይህ ገበታ ይቀጥላል፤ ነገም ፍርፍር ይቀርባል፤ ጋሽ ያፌትም የውሸት ሳይሆን የእውነት ጎል ያገባሉ።

«አልችልም፣ ጋሼ» አለች። «አሥራ አንድ ጊዜ ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ። አሥራ ሁለተኛውን አልልም።»

ጋሽ ያፌት ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የቀደሟቸው እትዬ ሄራን ናቸው። ምድጃውን አጠፉ፣ የተከተፈውን ሽንኩርት ከደኑ፣ ነጠላቸውን ብርቱካናማው ጫፍ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርገው ለበሱ።

«ተነሡ» አሉ። «የአክታ ጣቢያው ሰልፍ ሳይረዝም እንድረስ።»

የአክታ ጣቢያው ከባቡር መንገዱ አጠገብ ያለ ነጭ ሕንፃ ነው። ሦስቱም አክታ ሰጡ፤ ከዲጃም ጭምር፣ ከበሽተኛ ጋር ቁርስ የሚበላ ሰው ስለሆነች። የጣቢያው ባለሙያ መንበሩ የሚባል ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ሲያዳምጥ አልተቆጣም። የጻፈውን አንብቦላቸው፣ ባልና ሚስቱን በመስታወት ወደተከፈሉ ሁለት ክፍሎች አስገባ። ከዲጃን ደግሞ ሰሌዳዋን ተቀበላት።

«መልሰው ይሰጡኛል?» አለች።

«ያላዩትን ለፈረሙ መስካሪ መመለስ የሚባል ነገር የለም» አለ መንበሩ። «እውነቱን ስለተናገሩ ግን ክስ አይኖርም።»

ምርመራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከዲጃ ዘጠኙን ቀን መጋረጃ ሰፋች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተማው ሲያጉረመርም እግሯ የስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ ይቆማል፤ ሲያበቃ ይቀጥላል። ቁርስ አልበላችም። ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ሄዳ በበሩ መስታወት ታያቸዋለች። ጋሽ ያፌት መስታወቱ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ለባለቤታቸው ያወራሉ፤ ድምፁ እንደማያልፍ ያውቃሉ። እትዬ ሄራን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። በአራተኛው ቀን ወንበራቸውን አዞሩ። በስድስተኛው ቀን በጣታቸው መስታወቱ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ጋሽ ያፌት አንብበው ሳቁ። ምን እንደነበረ ከዲጃ አልደረሰችበትም።

በዘጠነኛው ቀን መንበሩ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ከዲጃ ንጹሕ ነበረች። የከተማው በሽተኞች ሁሉ ተመርምረዋል፤ ብርቱካንን የለመደ ጀርም ሌላ ቤት አልተገኘም።

«እማማ ላይ ግን ተገኝቷል» አለ። «ይዞዎታል። ብርቱካንንም ለምዶታል። ከአሁን በኋላ ለእርስዎ ብርቱካን ውኃ ነው።»

እትዬ ሄራን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገበያ ዋጋ የተነገራቸው ይመስል።

«ያው ሞት ፈረድኩባት በለኛ» አሉ ጋሽ ያፌት።

«አልፈረድኩም፣ አባባ። ሌላ ቅንብር አለ። ሰባት ፍሬ፣ ሃያ ወር። ከሰባቱ ሁለቱ ገና ጊዜያቸው ሳይደርስ ከእረፍት ይቀሰቀሳሉ። ከባድ ነው፤ ያስመልሳል፣ እግር ያደነዝዛል። ግን ከአምስት ሰው አራቱን ያድናል።»

ጋሽ ያፌት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጥያቄያቸውን ለዘጠኝ ቀን ይዘውት ቆይተዋል።

«የምንለያየው መቼ ነው?»

«ማን ነው ትለያያላችሁ ያለው?»

«ሕጉ ነዋ። ሁለት በሽተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር...»

«ሁለት ጀርም ነው የሚለው፣ አባባ። ዘራቸው የተለያየ ሁለት ጀርሞች። አንዱ ከሌላው እንዳይማር ነው። የእናንተ አንድ ነው፤ ከእርስዎ ወደ እሳቸው የሄደ ነው። አሁን የእሳቸው ብርቱካንን ስለለመደና አንድ አየር ስለተነፈሳችሁ ሁለታችሁንም እንደ አንድ በሽተኛ ነው የምንይዘው። አንድ ቅንብር፣ አንድ ክፍል። ማቆያው የጎፍ ላይ ነው።» የሚቀጥለውን ባይናገር ይመርጥ ነበር። «በመጀመሪያው ሳል መጥታችሁ ቢሆን፣ እማማ አምስቱን ይዘው እዚያው ቤታቸው ይታከሙ ነበር። በስድስት ወር ያልቅ ነበር።»

ከውጭ ባቡር አለፈ። ጋሽ ያፌት ጥቁር መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ግን አልተጠቀሙበትም፣ ያዙት ብቻ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አሉ። «በሽታውንም እኔ፣ ብርቱካኑንም እኔ።»

«አርባ ስድስት ዓመት ስጦታ አታውቅም እያልኩ ስነዘንዝህ ኖሬ» አሉ እትዬ ሄራን፣ «በአንድ ጊዜ አራገፍክብኝ።» ከዚያ መሐረቡን ከእጃቸው ወሰዱና አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ መለሱላቸው። «አብሽር። አብረን ነን ተብሏል እኮ። ሌላውን እንውጠዋለን።»

ከዲጃ ወለሉን ታይ ነበር። መጋረጃ የምታይበት መስኮት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

መንበሩ የመጨረሻውን ቅጽ አቀረበ። ማቆያው በወር አንዴ፣ አንድ ጎብኚ ብቻ ይቀበላል፤ ጎብኚው የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት።

«ልጅ አላችሁ?»

«አልወለድንም» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ታዲያ ማንን ልጻፍ?»

«ከዲጃን» አሉ እትዬ ሄራን።

«መስካሪ እኮ ነበሩ። ዘመድ አይደሉም።»

«መስካሪነቱን ወስደህባታል፤ አሁን መስካሪ አይደለችም። እህቴ ናት።»

መንበሩ ከፊቱ ያሉትን ሁለት ስሞች አየ። ሄራን ተስፋሚካኤል። ከዲጃ ሰይድ።

«የአባት ስም አይገጥምም፣ እማማ።»

«የት አገር ነው ያደግከው?» አሉ ጋሽ ያፌት፤ ድምፃቸው ትንሽ ተመለሰ። «ወሎ ውስጥ ከአንድ እናት ሰይድም ተስፋሚካኤልም ሲወለድ አላየህም?»

መንበሩ ሳቁን ዋጠ። ሰሌዳውን ወደ ከዲጃ ገፋው። «እንግዲህ እርስዎ ይፈርማሉ። ሐሰት ቢሆን የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ።»

ከዲጃ ሰሌዳውን አየችው። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ለራሷ አንድ ነገር ብቻ ምላለች፤ በዓይኗ ያላየችው ነገር ላይ ጣቷን ላታሳርፍ። ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለአንድ ሆቴል የምታስረክበው አሥራ አራት መጋረጃ ጠርዙ ሳይሰፋ ተከምሮ ነበር። ለቀስተኛው መጥቶ ሲሄድ እትዬ ሄራን ግን አልሄዱም። ጥግ ይዘው ተቀምጠው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ አሥራ አራቱን በእጃቸው ሲሰፉ ዋሉ። ስፌታቸው ጠማማ ነበር። ከዲጃ ከፍራሹ ላይ ሆና አይታቸዋለች።

«ታላቅ ነዎት ታናሽ?» አለ መንበሩ፣ ብዕሩን እንደያዘ።

«ታናሽ ነኝ» አለች ከዲጃ። አውራ ጣቷንም አሳረፈች።

እትዬ ሄራን ጊዜ አላባከኑም። «እንግዲያው ስሚ» አሉ። «የከተፍኩት ሽንኩርት ዘጠኝ ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ደፍተሽ ዕቃውን እጠቢው። ዶሮዎቹን ውሰጃቸው። ለማቆያው ደግሞ ወፍራም ካልሲ ይዘሽ ነይ፣ እግር ያደነዝዛል ብሏል። ለሁለታችንም። የሱ ቁጥር አርባ ሦስት ነው፤ አርባ ሁለት ይልሻል፣ አትስሚው።»